አባባ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ

አባባ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ። በማለዳ ቫን መጥቶ ከሕንጻቸው በር ላይ ይወስዳቸዋል፣ አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ተያይዘው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ያው ቫን ይመልሳቸዋል። የምነግራችሁ ነገር የሆነው እጥበቱን በጀመሩ በሦስተኛው ክረምት ነው። ክረምት ስል የአሜሪካውን ማለቴ ነው፣ በጥርና በየካቲት የሚመጣውን።

እሳቸው የሚኖሩት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ለአረጋውያን በተሠራ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከተማውን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ዞሬ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በሰላሳ አምስት ደቂቃ በራቸው ላይ እደርሳለሁ። ሰው ሁሉ ለምን አብረን እንደማንኖር ይጠይቀኛል። የእኔ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ አባባ ደግሞ ደረጃ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። የእሳቸው ሕንጻ ሊፍት አለው፣ ክሊኒኩ አሥር ደቂቃ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ቅርብ ነው። በዚያ ላይ እሳቸው ራሳቸው አይፈልጉም። ደብረ ብርሃን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው ያስመጣኋቸው፣ ቤቱ እንደተሰጣቸው ቀን ደስ ብሏቸው ያየሁበት ሌላ ቀን የለም። ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ሦስት ጊዜ ወጥተው ገቡ።

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። የሰው አባት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። የራሴን አባት የማየው እሁድ እሁድ ነው። ጠዋት አስቀድሰን፣ ቤታቸው ገብቼ የሳምንቱን ምግብ እሠራለሁ፣ በየዕቃው ከፋፍዬ ፍሪጅ ውስጥ እደረድራለሁ። ኩላሊት የማይሠራ ሰው የሚበላው ነገር ምርጫ አለው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እኛ ጤና ነው የምንለው ሁሉ፣ ለእሳቸው ፖታሲየም ነው። ጤነኛ ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ይህ ነገር በእሳቸው ደም ውስጥ ይከማችና፣ ማሽኑ ካላጠበው ልብ ያቆማል። የክሊኒኩ ነርስ መጀመሪያ ስታስረዳን እንዲህ ነበር ያለችው፣ ሳታለሳልስ። አባባ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው "ገባኝ" አሉ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ግን "ምስርም?" ብለው ጠየቁኝ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሥራ ነበርኩ። በረዶ እንደሚመጣ ሁላችንም ሰምተናል። ትንበያው እሁድ ከሰዓት በኋላ ስላለ ጠዋት ሄጄ፣ ምግቡን ሠርቼ፣ ሳይጀምር እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ከሺፍት ስወጣ በቀጥታ መሄድ እችል ነበር። ልብስም መኪናዬ ውስጥ ነበረኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ውሳኔ ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳመላለስኳት አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ስነቃ ፓርኪንጉ ነጭ ሆኗል። የተባለው ሰዓት ሳይደርስ ሌሊቱን ጀምሮ ሲወርድ አድሯል። እኛ ሁሉንም በረዶ እንለዋለን፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ እንደ ጠጠር የሚመታውንም፣ መሬት ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረውንም። እዚህ አገር የኖረ ሰው ግን መለየት ይማራል። የጥጡ ዓይነት በአካፋ ይነሳል፣ መኪናም ይሄድበታል። እኩለ ቀን ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ሩዝ የሚበትን ይመስል ነበር። ከዚያ ዝናብ ሆነ፣ እየወረደ የሚጋገር ዝናብ። እስኪመሽ ዘነበ፣ ሌሊቱን ደግሞ ብርዱ በረታ።

ሰኞ ፀሐይ ወጣች። ዛፉ ሁሉ እስከ ጫፉ በበረዶ ተለብጦ ያብለጨልጫል። ከመስኮት ለሚያየው ያምራል። የመጀመሪያው ስልክ የአባባ ነበር።

"ቫኑ አልመጣም" አሉኝ።

"አውቃለሁ አባባ፣ ክሊኒኩም ዛሬ ዝግ ነው። ነገ እንከፍታለን ብለዋል።"

"እንግዲያው ነገ ነው።"

"ምን በሉ?"

"አልበላሁም፣ የነነዌ ጾም አይደል እንዴ።"

የነፍስ አባታቸው ለሕመማቸው ሲሉ ከጾም እንደፈቱዋቸው አስታወስኳቸው። ሦስት ቀን ብቻ ነው አሉ፣ ሦስት ቀን ለማንም አይከብድም። አልተከራከርኩም። ፍሪጃቸው ውስጥ የቀረው የአርብ ሩዝና ትንሽ ጎመን ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር። ውኃ እንዲቀንሱ፣ በቀን ከሦስት ብርጭቆ እንዳያልፉ ነገርኳቸውና ወደ መኪናዬ ወረድኩ።

መኪናዬ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ከፓርኪንጉ ጫፍ ጀምሬ መቁጠር ነበረብኝ። ከሥር ለስላሳው በረዶ አለ፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል ድርቅ ያለ ሽፋን። ላዩ ላይ ቆምኩበት፣ አልተሰበረም። ማለዳ ያለፈው በረዶ ጠራጊ መኪና ደግሞ የመንገዱን ሁሉ ሰብስቦ ከመኪናዎቻችን ኋላ እስከ ደረቴ የሚደርስ ግንብ ሠርቶ ሄዷል፤ ያም ደርቋል። አካፋዬ የፕላስቲክ ነው። ስመታው ይነጥራል እንጂ አይገባም። እስከ ቀትር በአካፋው ጫፍ ስፈለፍል ቆይቼ አንድ ጎማ ብቻ አየሁ። ከዚያ አካፋው ለሁለት ተሰበረ።

ከሥሬ የሚኖር ሽማግሌ አሜሪካዊ ከበረንዳው ሆኖ ሲያየኝ ነበር።

"ተዪው" አለኝ። "ሐሙስ ሞቅ ይላል ተብሏል፣ ፀሐይዋ ትሠራልሻለች።"

ሐሙስ። አርብ ከታጠቡ ሐሙስ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ይህን ለእሱ ማስረዳት አልቻልኩም፣ አመስግኜው ወደ ላይ ወጣሁ።

ሊመሽ ሲል እንደገና ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ደህና ነበር፣ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላል።

"ሴኞራ ሾርባ አመጣችልኝ" አሉኝ።

ሴኞራ የሚሏት ከፊት ለፊታቸው የምትኖር፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ባልቴት ናት። አስተማሪ እንደነበሩ አንድ ቀን ነግሬያት ስለነበር እሷ ደግሞ ፕሮፌሶር ትላቸዋለች። አባባ ስፓኒሽ አያውቁም፣ እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እንግሊዝኛቸውም እኩል ነው። ሎቢው ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ።

"የምን ሾርባ ነው አባባ?"

"ቀይ ነው። አደንጓሬ መሰለኝ። ሥጋ የለውም፣ የጾም ነው።"

"በሉት?"

"ታዲያ ሴትዮዋ ከነትኩሱ ይዛ በሬ ላይ ቆማ ምን ላድርግ? ሁለት ሳህን በላሁ። እግዜር ይስጣት።"

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አደንጓሬ ነርሷ ከሰጠችን ዝርዝር ውስጥ ከላይ ከተጻፉት አንዱ ነው። ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቁጣዬ ከሆዳቸው አያወጣውም። ከእንግዲህ ከሷ ምንም እንዳይቀበሉ ብቻ ለመንኳቸው።

"ነውር ነው" አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ድምፃቸው ተለውጧል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ይተነፍሳሉ። እግራቸው አብጦ ጫማ እንዳልገባላቸው ነገሩኝ። ክሊኒኩ ተከፍቷል፤ ስደውል "በማንኛውም ሰዓት ይምጡ፣ ቦታ እንሰጣቸዋለን" አሉኝ። ቫኖቹ ግን አይወጡም። ሹፌሮቹ ራሳቸው ከቤታቸው መውጣት አልቻሉም። በስልኬ ታክሲ ስጠራ በአካባቢው መኪና የለም ይለኛል፣ ለእሳቸው አድራሻ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ስፕሪንግፊልድ ለምትኖር ጓደኛዬ ኮል አደረግሁ፣ ባሏ ትልቅ መኪና አለው፣ ከአባባ ቤትም ሩቅ አይደለም። ሰውየው ሳያንገራግር ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውሎ መኪናው ከሰፈራቸው ዳገት ላይ ተንሸራቶ ከጎረቤት አጥር ጋር እንደቆመ፣ ወደፊትም ወደኋላም እንደማይል ነገረኝ። ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ እኔም እሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለድንገተኛ አደጋ መስመሩ፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ያነሣችው ሴት የእኔው ካውንቲ፣ የወረዳዬ ሠራተኛ ናት። በሽተኛው ቨርጂኒያ ነው ስላት ወደዚያ አስተላለፈችኝ። የዚያኛዋም ጥሩ ሰው ነበረች። አባቴ ብቻቸውን መሆናቸውን፣ እጥበት እንዳመለጣቸው፣ ትንፋሽ እንዳጠራቸው ነገርኳት። ካንቺ ጋር ስላልሆኑ በቀጥታ ላናግራቸው አለችኝ፣ አማርኛ አስተርጓሚም በመስመሩ ላይ አስገባች። ሦስታችን ሆነን ደወልንላቸው።

አስተርጓሚዋ ወጣት ናት፣ በጣም በአክብሮት ነው የጠየቀችው። "ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አባባ። "በጣም ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?"

"ደረትዎን ያምዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"ኧረ ምንም። ትንሽ ብርድ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ብርድ አውቃለሁ።"

መሃል ገብቼ "አባባ፣ እውነቱን ይንገሯት" አልኩ። "ደህና ነኝ አልኩ እኮ" አሉ፣ ቆጣ ብለው። ኦፕሬተሯ መንገዱ እንዲህ በመሆኑ አምቡላንሶች የሚወጡት ለባሰባቸው እንደሆነ፣ ምልክት ከታየባቸው ግን ወዲያው እንድንደውል ነገረችን። ስልኩ ሲዘጋ መልሼ ደወልኩላቸው።

"ለምንድን ነው ደህና ነኝ ያሏት?"

"የማላውቃት ልጅ በስልክ ደህና ነዎት ወይ ስትለኝ ምን ልበላት?"

"ደህና አይደለሁም ይበሏታ።"

"አንቺ አታስጨንቂኝ" አሉኝ። "ነገ ረቡዕ ነው። ቫኑ ይመጣል።"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ልጅ እንኳን የማያደርገው ነው። በትልቁ ማንቆርቆሪያ ውኃ አፈላሁና ወረድኩ። የሞቀ ውኃ በቀዘቀዘ መስታወት ላይ እንደማይፈስ አውቃለሁ፣ አዲስ ለመጡ ሰዎች ራሴ ነግሬያለሁ። ሆኖም የፊት መስታወቱ ላይ ያለው በረዶ ቢለቅ፣ ሌላውም ይለቃል የሚል ሐሳብ ያዘኝ። አፈሰስኩት። እንፋሎቱ ተነሣ፣ በረዶው ትንሽ ቀለጠ፣ ከዚያ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። የፈሰሰው ውኃ ቆሜ እያየሁት ከጎማው ሥር እንደገና በረዶ ሲሆን ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌው በበረንዳው ላይ አልነበረም፣ ስለዚያ ብቻ ደስ አለኝ።

በእግሬ ወደ ባቡር ጣቢያው ለመሄድ ወሰንኩ። በደህናው ቀን ሃያ ደቂቃ ነው። የእግረኛው መንገድ አይታወቅም፣ ሰው ሁሉ የሚሄደው በአስፋልቱ መሃል፣ መኪና በረገጠው መስመር ነው። ካልሲዬን ከጫማዬ ላይ ደርቤ አጠለቅሁ፣ እንዲህ ካደረጉ አያንሸራትትም ሲሉ ሰምቻለሁ። ትንሽ ይረዳል። አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ስደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ባቡር የሚሄደው ከመሬት በታች ባሉት ጣቢያዎች መካከል ብቻ ነው። የእኛ ጣቢያ ከመሬት በላይ ነው፣ የአሌክሳንድሪያውም እንደዚያው። አጠገቤ የጽዳት ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ቆሞ ያነባል። እሱም ዞሮ በመጣበት ሄደ፣ እኔም ዞርኩ።

ስመለስ መንታ መንገዱ ጋ ጠራጊው መኪና የከመረውን ግንብ መውጣት ነበረብኝ። ሲወጣ ሳይሆን ሲወረድ ነው የሚያንሸራትተው። እግሬ ከሥሬ ሄደ፣ በቀኝ እጄ መሬቱን ተቀበልኩት። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። ተቀምጬ የእጄን አንጓ ሳየው ተጣሟል፣ ከዚያ መጣ። አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ።

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አልኳት።

ሄደች። አባባን በምን አፌ እንደተቆጣኋቸው ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ቤት ገባሁ። ልብሴ እርጥብ ነው፣ እጄ አብጧል። በሻርፕ አሰርኩት፣ ሁለት ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ለአምስት ደቂቃ ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም ነበር። ስልኬ በእርጥቡ ካፖርት ኪስ ውስጥ፣ በር ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ስነቃ መስኮቱ ደንገዝገዝ ብሏል። ካፖርቱ ጋ ሄጄ ስልኩን አወጣሁ። አባባ አራት ጊዜ ደውለዋል። አራቱም በአንድ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ከመጨረሻው ወዲህ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ቮይስ ሜይል ላይ መልእክት መተው አይችሉበትም፣ ሰው ያነሣ እየመሰላቸው ነው የሚናገሩት፤ በዚህኛው ግን አልተናገሩም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ እርጥብ የሆነ ከባድ ትንፋሽ። ከዚያ በር የሚከፈት ድምፅ፣ ከዚያ የሴኞራ ድምፅ በስፓኒሽ፣ ፕሮፌሶር፣ ፕሮፌሶር ትላለች። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ደወልኩ፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። የሴኞራን ስልክ ቁጥር ለማግኘት ስልኬን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፣ ተቀብያት እንደማላውቅ እያወቅሁ። በሦስት ዓመት ስንት ጊዜ አግኝቻታለሁ፣ ምግብ ሰጥቻት ምግብ ሰጥታኛለች፣ አንድ ቀን ቁጥርሽን ስጪኝ አላልኳትም። የሕንጻው ቢሮ ተዘግቷል። ናይን ዋን ዋን ደወልኩ፣ እንደገና ወደ ቨርጂኒያ ተላለፍኩ። ሌላ ሰው ነው ያነሣው፤ ወደዚያ አድራሻ አምቡላንስ ሄዶ እንደነበር አረጋግጦልኝ ከዚያ ያለፈ ግን መናገር እንደማይችል ነገረኝ። ወደ የትኛው ሆስፒታል? አያውቅም። በሕይወት አሉ? እሱንም አያውቅም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከበር እስከ መስኮት ተመላለስኩ። መጸለይ ሞከርኩ፣ ከአቡነ ዘበሰማያት መሃል ይጠፋብኛል፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጫማዬን አደረግሁ፣ አወለቅሁ። ቢሞቱ እንኳን መሄድ እንደማልችል አሰብኩ፣ ያንን ያሰበ ጭንቅላቴን ጠላሁት።

በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ፤ የደወለችው የሆስፒታል ነርስ ናት። ስሜን አስተካክላ መጥራት አቅቷት ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እላታለሁ። አባትሽ ማሽን ላይ ናቸው አለች። ሲመጡ የልባቸው ምት ተዛብቶ ነበር፣ አሁን እየተስተካከለ ነው፣ ሌሊቱን እናያቸዋለን። መናገር ይችላሉ ወይ ስላት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

"አባባ?"

"አትምጪ" አሉኝ። "መንገዱ ያዳልጣል።"

ረቡዕ ባቡር ጀመረ። እጄን በሻርፕ እንዳሰርኩ ሁለት ባቡር ቀይሬ አሌክሳንድሪያ ወረድኩ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። አልጋቸው ላይ ሳያቸው ካለፈው ሳምንት እሁድ ወዲህ አሥር ዓመት የጨመሩ መሰለኝ። ባለ አበባ ብርድ ልብስ ለብሰዋል፣ የሆስፒታል አይደለም።

የሆነውን ከሴኞራ ነው የሰማሁት፣ አባባን ልትጠይቅ ወደ ሆስፒታሉ ስትደውል፣ ስፓኒሽ የምታውቅ ነርስ እየተረጎመችልኝ። አባባ ስልኩ አልነሣ ሲላቸው በግድግዳው ተደግፈው ኮሪደሩን ተሻግረው በሯን አንኳኩ። ስትከፍት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ናት የደወለችው። የእሷ እንግሊዝኛ ጥቂት ነው፣ ሆኖም ደህና ናቸው ወይ ሲሏት "ኖ" አለች፣ ደጋግማ ኖ ብቻ አለች፣ ያ በቃ። አምቡላንሱ ከሕንጻው በታች፣ በረዶ ከተጋገረበት ዳገት ሥር ቆመ። ሰዎቹ ወንበር ላይ አስረዋቸው፣ አንዱ ከፊት ጨው እየበተነ፣ አራቱ ይዘዋቸው፣ እግር በእግር ወረዱ። ሴኞራ እስከ በሩ ተከትላ ብርድ ልብሷን እግራቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

አባባን ያሳፈራቸው ያ ነበር። ሞት አፋፍ ላይ መድረሳቸውን አላነሱም። "በፒጃማ ነበርኩ" አሉኝ፣ ጣሪያውን እያዩ። "ባቴ ሁሉ እየታየ። ሰው ከመስኮት ያይ ነበር።"

"አላዩዎትም አባባ።"

"አይተዋል።"

ስለ አደንጓሬው ለሴኞራ አልነገርኳትም። ነርሷ ምን በልተው ነበር ብላ ስትጠይቀኝም ሩዝ አልኩ። ብርድ ልብሱን አጥቤ፣ ከዳቦ ጋር ይዤላት ስሄድ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ፣ እኔ ግን ዓይኗን ማየት ከበደኝ። ያን ቀን ቁጥሯን ተቀበልኳት።

የእጄ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፣ ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየ። በእነዚያ ሳምንታት ሥራ ስለሌለኝ አባባ ጋ ነበርኩ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ በረዶው ሁሉ ሄዶ ዛፎቹ ማበብ ጀምረው፣ ሳስበው የቆየሁትን ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ያን ቀን አራት ጊዜ ደውለው ነበር።"

"እ?"

"ተኝቼ ነበር። ስልኩ ካፖርቴ ውስጥ ነበር። አልሰማሁም።"

ሻያቸውን አስቀመጡ። "አላስታውስም" አሉ። ከዚያ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መዋጮ ማውራት ጀመሩ። እውነት ረስተውት ይሁን፣ እኔን ሊያድኑኝ ይሁን፣ አላወቅሁም። ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም። በአራተኛው ጥሪ ምን ሊሉኝ እንደነበር የማውቅበት መንገድ የለኝም።

በሚቀጥለው ክረምት ጠንቃቃ ሆንኩ። በረዶ ይመጣል ሲባል ሁለት ቀን ቀድሜ ቦርሳዬን ይዤ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፣ ፍሪጁን እሞላለሁ፣ ሶፋው ላይ እተኛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ትንበያው ይሳሳታል፣ አባባም "ሥራሽን ትተሽ ዝናብ ልታዪ መጣሽ" ይሉኛል። በየካቲት አንድ ጊዜ ግን ልክ ሆነ። እሁድ ጋገረው፣ ሰኞ ክሊኒኩ ዝግ ሆነ፣ ቫኑ ቀረ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አጠገባቸው ብሆን ሁሉ ነገር ይለያል ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ አስቤ ነበር።

የተለየው ጥቂት ነው። ውኃቸውን ለክቼ ሰጠኋቸው። እግራቸውን በየሰዓቱ በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግሁ ጉድጓዱ ሳይሞላ ምን ያህል እንደሚቆይ አየሁ። ለክሊኒኩ ደወልኩ፣ ለቫኑ ደወልኩ፣ ሴኞራ ሳህን ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ተቀብዬ ለራሴ በላሁት። መንገዱን ግን ማንሣት አልቻልኩም። ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ታች ሁለት ሰዎች በብረት ዘንግ በረዶውን ይወጋሉ፣ ትንሽ ይሰብራሉ፣ ያርፋሉ።

"ሄደሽ ብታግዢያቸውስ?" አሉኝ አባባ።

ወርጄ አገዝኳቸው። ቫኑ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው።